ያልማልኩት መሐላ

ካርቱም፣ ካፉሪ
ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ለጠዋት ጸሎት ስትወጪ ብርዱ አያስቸግርሽም? የጸሎት ቤቱ እናቶች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ፤ ጤና ማለት እሄዳለሁ፣ እበላለሁ ማለቴ ነው። ሹፌሩ ስለሺ በገና ሰሞን ያመጣልሽ ሳሙና ደረሰሽ? ቆርጠሽዋል ወይስ እንዳለ ነው? ይህን ሳትረሺ ጻፊልኝ።

ነገሩን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም፤ ግራ ገብቶኛል። አሠሪዬ ሲት ሁስና ከገና በፊት የወርቅ ቀለበት ጠፋባት። እጇን ስትታጠብ አውልቃ የምታስቀምጠው ቀጭን ቀለበት ነው፤ ፈርጥ እንኳ የለውም። ለእኔ መንገድ ብለሽ የሸጥሽውን ያንቺን ይመስል ነበር። በቤቱ የምንሠራው ሁለት ነን፤ እኔና ሉጥፊያ የምትባል የከሚሴ ልጅ። ወጥ ሲያርርብኝ እኔ ነኝ ብላ የምትሰደብልኝ፣ ስታመም ልብሴን የምታጥብልኝ እሷ ናት።

ሲት ሁስና ሁለታችንንም ሳሎን አቁማ ማሉ አለችን። ለሉጥፊያ ቁርአን፣ ለእኔ ከሻንጣዬ መጽሐፍ ቅዱሴን አስመጣች። ሉጥፊያ ተጣጥባ መጥታ፣ እጇን ጭና፣ ወላሂ አላየሁም ብላ ሦስት ጊዜ ማለች። የእኔ ተራ ሲደርስ መጽሐፉን ተቀብዬ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ከዚያ እምነታችን መማል አይፈቅድም አልኩ። ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ፤ ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን እያልሽ። በአጥሩ ድንበር ክርክር ጊዜ ሸንጎ ፊት አልምልም ብለሽ፣ ጎረቤታችን ምሎ ሁለት ክንድ መሬት ሲወስድብሽ አይቻለሁ። ያኔ ሞኝነት መስሎኝ አኩርፌሽ ነበር።

ሲት ሁስና ሌባዋን ያገኘች መሰላት። ፖሊስ ልትጠራ ስትነሳ ወንጌላዊ ሚኪያስ እስኪመጡ ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት። ጽፌልሽ የለ፤ እዚህ የተበተነውን የሜኖናይት ምእመን እንዲሰበስቡ ቤተ ክርስቲያናችን ከአገር ቤት የላከቻቸው፣ ካላክላ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ዓርብ ዓርብ የሚሰበስቡን ናቸው። ሦስት ሚኒባስ ቀይረው መጡ። በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛቸው፣ የእኛ ሰዎች ዳኛ ፊት እንኳ እንደማይምሉ፣ በዚህ ምክንያት የታሰሩም እንዳሉ አስረዷት። ሲት ሁስና እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ በአላህ ስም የማትጫወት ልጅ የሰው ዕቃ አትነካም አለች። እንግዲህ በቤቱ ያለነው ሁለት ነን። ሉጥፊያ በማግስቱ ተባረረች። ስትወጣ አቅፋ ሳመችኝና፣ እኔ በሐቅ ነው የማልኩት፣ አንቺ እንኳን ተረፍሽልኝ አለችኝ። አሁን ካላክላ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች፤ በሌብነት የወጣችን ሴት ቋሚ ሥራ የሚሰጣት የለም።

እናቴ፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። አልምልም ካልኩ ወዲያ፣ አዎን ወይም አይደለም በይ ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ወንጌላዊ ሚኪያስ ታሪኩን በየዓርቡ ይናገሩታል። ለአገር ቤትም ጽፈው ልከዋል። አራት ሰዎች እንደዚህች ልጅ መሆን እንፈልጋለን ብለው የጥምቀት ትምህርት ጀምረዋል። ጌታ በእኔ እየሠራ ነው ወይስ እየቀለደብኝ? ይቅር ይበለኝ። በየካቲት መጨረሻ ከአገር ቤትም ከውጭም የሜኖናይት እንግዶች ይመጣሉ፤ ፊታቸው ቆመሽ ትመሰክሪያለሽ ተብያለሁ፤ ነጠላ እንኳ ተገዝቶልኛል። አሞኛል ብላቸው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኛ ደግሞ አንጠጣም።

በቀደም ዓርብ ከጸሎት ስወጣ ሉጥፊያን ገበያ አገኘኋት። እጇ በበረኪና ተልጧል። ምነው ከሳሽ፣ ሴትዮዋ አታበላሽም እንዴ ብላ ዳቦ በታዕሚያ፣ ያን የሽምብራ ጥብስ፣ ገዝታ ሰጠችኝ። እኔም ተቀብዬ በላሁ። እዚያው ቆማ፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አፈርኩ እናቴ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አንቺ አልምልም ብለሽ መሬትሽን አጣሽ፤ እኔ አልምልም ብዬ ሥራዬን አተረፍኩ። ሁለታችንም ያልነው ያንኑ ነው። ለምን እንደማይመሳሰል ስትጸልዪ ጠይቂልኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅልኝ። ስለሺ ይህን ካደረሰሽ በኋላ ሁለት ቀን አርፎ ይመለሳል። ሳሙናውን አትቁረጪው፤ እንዳለ በጨርቅ ጠቅልለሽ በእሱ እጅ መልሺልኝ። ቆርጠሽውም ከሆነ፣ ለማንም ሳትነግሪ፣ ውስጡ ከነበረው ምንም ሳታስቀሪ ላኪልኝ። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ይድረስልኝ። መጀመሪያ ካላክላ፣ ሉጥፊያ ጋ ይዤው እሄዳለሁ። ምስክርነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፈለጉኝ።

ጉልበትሽን የምትስም፣
ልጅሽ