ሙክታር ያስተነፈሰው ጀነሬተር

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

የፋብሪካችን ጀነሬተር ሰሞኑን ይግላል፤ ራዲያተሩም እንደተራበ ሆድ ይጮሃል። የውሃ ፓምፑን ብቀይርም ለውጥ የለም። ዛሬ ሙክታር፣ ያ ከእኔ በኋላ የተቀጠረው መካኒክ፣ የላይኛውን ቡሎን አላላና "አቦ፣ አየር ይዞ ነው!" አለ። አየሩ ፊሽ ብሎ ወጣ፤ ጩኸቱም ቆመ። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሰናይት አጨበጨበችለት። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አጨብጭባ አታውቅም።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ሙቀቱን ሸሽቶ በርጫ ላይ ጫቱን ሲቅም፣ እኔ ተመልሼ ሄድኩ። ራዲያተሩ እንደገና ይጮሃል! ቡሎኑን ራሴ ማላላት እችል ነበር። ግን ሰናይት እስክትመለስ ጠበቅኩና፣ እሷው ፊት "ሙክታር፣ ና እስቲ ሥራህን ስማ!" ብዬ ተጣራሁ። መጣ፤ ውሃ ጨምሮ የቀረውን አየር አስወጣው።

ደግማ አጨበጨበች። እጇን አይደክማትም እንዴ?