ማገናኛው የተነቀለ ዕለት

ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ አላስተኛ ያለሽ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም እያስቸገረሽ ነው? እማማስ የዐይኗን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጋለች? ባልሽስ፣ ልጆቹስ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? የቤቱን ደህንነት ሳልሰማ ስለራሴ ማውራት አይሆንልኝም፤ ዛሬ ግን ይቅር በይኝና የራሴን ላስቀድም። አካሌ ጤና ነው፤ ልቤ ነው አልረጋ ያለው። በስልክ እንዳልነግርሽ እማማ አጠገብሽ ሆና ድምፄን ከሰማች ታውቅብኛለች። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

የምሠራው ደም ባንክ መሆኑን ታውቂያለሽ። ምድር ቤት ማቀዝቀዣዎቹ አሉ፤ ከጎናቸው ሆስፒታሎች ደም የሚረከቡበት መስኮት አለ። እኔ ፎቅ ላይ፣ ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ ከሚያጓራበት ክፍል ውስጥ ነኝ። ስንት ከረጢት ደም እንዳለ፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚበላሽ፣ ሁሉም መረጃ የሚቀመጠው በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ደንባችን ጥብቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ "ይውጣ" ሳይል አንድ ከረጢት ከመስኮቱ አያልፍም። የተሳሳተ ደም ሰው ይገድላላ!

ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ሰው ነው፤ ቁጥርን በሥዕል ማየት ይወዳል። ከዳታቤዙ መረጃ እየሳበ ግራፍ የሚሠራ የትንተና ፕሮግራም ተገዛና ሁለቱን የሚያገናኘውን ማገናኛ እንድሠራ ታዘዝኩ። ዋናውን ዳታቤዝ አንንካው፣ ለብቻው የተገለበጠ ቅጂ ይኑርና ፕሮግራሙ ከዚያ ያንብብ፣ ቅጂውን በየግማሽ ሰዓቱ እናድሰዋለን አልኩት። "የቀዘቀዘ ቁጥር ለእንግዳ አይቀርብም፤ ትኩስ ትኩሱን አምጪልኝ" አለኝ። ለቅጂው የሚሆን ሌላ ማሽን ጠይቄ ገና አልመጣም ነበር፤ ፕሮግራሙ በእንግዶች ፊት የሚመረቅበት ቀን ደግሞ ደርሶ ነበር። ለዚያች ቀን ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ከዋናው ጋር አገናኘሁት። ብቻዬን ስሞክረው እንደ ውኃ ፈሰሰ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲከፍተው ምን እንደሚሆን ግን አልሞከርኩም።

የምረቃው ጠዋት ለእንግዶቹ ሁሉ ታብሌት ታደለ። ሥራ አስኪያጁም "አይዟችሁ፣ እንደፈለጋችሁ ነካኩት!" አላቸው። ሁሉም እኩል ነካኩት። እያንዳንዷ ንክኪ በእኔ ማገናኛ በኩል ዋናውን ዳታቤዝ ትጠይቀዋለች። ጭብጨባው ሳያባራ ስልኬ ጮኸ። የመስኮቷ ሠራተኛ ናት፤ ከድምጿ ጉልበት የተነሳ ደወል እንላታለን። "አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ደረቀብኝ እኮ! ወልዳ ደም የሚፈሳት ሴት አለች፤ ደሙ እጄ ላይ ነው፣ ይውጣ አይለኝም!" ከኋላዋ የአምቡላንሱ ሹፌር ይሰማኛል። "እናንተ ሥዕል እያያችሁ ሰው ይሙት? ስጪኝ እንጂ!" ይላል። እሷም "ዓይነቱ ሳይጣራ ሰጥቼህ ብትሞትስ፣ አንተ ነህ የምትጠየቅልኝ?" ትለዋለች።

እዚያው አዳራሹ ውስጥ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ጎንበስ ብዬ ማገናኛውን ልነቅለው ነው አልኩት። ፈገግታውን ሳያጠፋ፣ በጥርሱ መሐል፣ "ንግግሬን ልጨርስ፤ ትንሽ ይታገሱ" አለኝ። እታለም፣ የሚፈስ ደም ይታገሳል? ሮጬ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ወጣሁና ነቀልኩት። አዳራሹ ውስጥ ሥዕሉ ሁሉ ድርግም ብሎ ጠፋ አሉ፤ እኔ አላየሁም። እኔ የሰማሁት በስልኬ "ወጣ! ወጣ! ሂድ አንተ፣ ብረር!" የሚለውን የደወልን ጩኸት ነው። ሴትየዋ ተርፋለች።

ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም። ሆስፒታሉ ደሙ ለምን እንደዘገየ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝና በሩን ዘጋ፤ ተቀመጪም አላለኝ። "ያቺ ሴትዮ ኮምፒውተር አትችልም፤ የዘገየው በሷ ነው። አንቺ ማገናኛው ምንም እንከን እንደሌለው ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ውልሽ በዚህ ወር እንደሚያልቅ ደግሞ አትርሺ" አለኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ! ደወል ጡረታዋ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ብፈርም ከነውርደቷ ትባረራለች። ባልፈርም እኔ እወጣለሁ።

በማግስቱ ጽፌ ወሰድኩለት። ዳታቤዙን ያነቀው ማገናኛው መሆኑን፣ የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ ከዋናው ጋር አገናኚ መባሌንና መስማማቴን፣ የመስኮቷ ሠራተኛ ደንቡን ከመጠበቅ በቀር ያጠፋችው እንደሌለ አንድ በአንድ አሰፈርኩ። አንብቦ ሲጨርስ "ራስሽን እኮ ነው የከሰስሽው፤ ገብቶሻል?" አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። "እኔንም ጨምረሻል።" አዎ አልኩት፤ ግልባጩ ለቦርዱ መሄዱንም ነገርኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለና "ውጪ" አለኝ።

ይኸው ትናንት ያ የጠየቅኩት ማሽን መጣ። ዛሬ ቅጂውን እየሠራሁ ነው፤ ግራፉ ከዚህ በኋላ ከዋናው ጋር አይነካካም። የምሠራው ለራሴ ይሁን ለሚተካኝ ሰው አላውቅም። ቦርዱ ስለ ውሌ ሰኞ ይወስናል። በጻፍኩት ግን አልተጸጸትኩም።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል እንዳታሰሚያት። ወንድሜ ባልሽን የሚያመውን እግሩን ይጠብቅ በይልኝ። ትልቋ ለፈተናዋ ትበርታ፤ የትንሹን ጉንጭ እስኪያለቅስ ድረስ ንከሺልኝ። ባለፈው እናንተ ጋ ያለውን የእኔን ክፍል ለተከራይ ብንሰጠውስ ብለሽኝ ነበር፤ እሺ ልልሽ አስቤ ነበር። እስከ ሰኞ ግን፣ እታለም፣ ማንንም አታስገቢበት።

ታናሽሽ

ከሰርቨሩ ክፍል፣ ጥር አጋማሽ፣ ሐሙስ ከሰዓት