ጨው ስለማይበላው ማሽንና ስለታጠረው ምንጭ

ለክቡር ቀኛዝማች አድማሴ ንብረት
የዝግባ በር ከተማ የውሃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ዝግባ በር

የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

የሰማይና የምድር ጌታ ለክብርዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤትዎ በረከት፣ ለበቅሎዎ ጥጋብ፣ ለወንበርዎም ጽናት እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ እንደምን ሰንብተዋል ብየ ዝቅ ብየ እጅ እነሣለሁ። የእኔን ደኅንነት ለመጠየቅ ጊዜ ካገኙ፣ ስሙ ይክበር ይመስገን፣ ከአንዲት የፊት ጥርሴ በቀር ደኅና ነኝ። ጥርሴ የት እንደሄደች በቦታው እገልጻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ማድረስ ሲገባኝ በገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍሁት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። ደጋግሜ ወደ ቢሮዎ ብመጣ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንድ ቀን ጌሾ ያስኮተኩታሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ ስለ ውሃ ልማት እያሰቡ ስለሆነ አይረበሹም እየተባልሁ ስለተመለስሁ፣ ሐሳብዎን ሳልረብሽ ሕዝቡ መንገድ ላይ ቆሞ እንዲያነብልኝ መረጥሁ። ማንበብ ለማይችለውም በየገበያው ቀን እኔው ራሴ ቆሜ አነብለታለሁ።

ከአቤቱታ በፊት ምስጋና ይቅደም። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት እኛ የዝግባ በር ሰዎች ከታችኛው ምንጭ የምንቀዳ ኋላ ቀሮች ነበርን። ውሃው ሳሙና ሲነካው የሚያረፋ፣ ባቄላ ሲጣድበት የሚያበስል፣ ማንንም የማያስቸግር ተራ ውሃ ነበር። እርስዎ ግን አምና ሕዝቡን አስተባብረው ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ሞተር አስተከሉ፣ ቦኖ አቆሙ፣ ከምድር ሆድም ድንጋይ የሟሟበት ውሃ አወጡልን። በዚህ ውሃ ሳሙና ሲፈተግ አረፋ በማውጣት ፈንታ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል፤ ጸጉሯን የታጠበች ሴት ማበጠሪያዋን ትሰብራለች፤ የማንቆርቆሪያም ውስጡ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይላል የአገራችን ሰው። በእርስዎ ዘመን ግን የጮኽነው እኛ ነን፤ ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ገብቶ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

ክብርዎ ጩኸታችንን ሰምተው ዝም አላሉም። ባለፈው ኅዳር አንድ ባለ መነጽር ነጋዴ ከሩቅ ከተማ በላንድሮቨር መጥቶ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ክንድ የምታህል ማሽን ከሳጥን አወጣልን። ማግኔት አለባት፣ ቧንቧው ላይ ትታሰራለች፣ ውሃው በእርሷ በኩል ሲያልፍ በውስጡ ያለው ድንጋይ ጠባዩ ይለወጣል፣ ከዕቃና ከልብስ ጋራ መጣበቁንም ይተዋል አለ። ሌሎች ውሃ የሚያለሰልሱ ማሽኖች በየጊዜው ጨው ይጎርሳሉ፣ ይህች ግን ጨው የሚባል አትቀምስም ሲል፣ ክብርዎ ደስ ብሎዎት ከወንበርዎ ብድግ እንዳሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጨው አለመብላቷን ዛሬ ከእርስዎ ጋራ ሆኜ እመሰክራለሁ። ሐዋርያው ሊሠራ የማይወድ አይብላ ያለውን ቃል በኮሚቴው ቢሮ ካሉት ሁሉ የጠበቀች እርሷ ብቻ ናት፤ አትሠራም፣ አትበላምም።

አሁን ወደ አቤቱታየ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፈተናው ቀን። ነጋዴው ማሽኗን ቧንቧው ላይ ካሰረ በኋላ፣ በእርሷ በኩል ያለፈ ውሃ ከቦኖው ተቀድቶ ይምጣና በሳሙና ይሞከር ባለ ጊዜ፣ ክብርዎ ውሃ እንድታመጣ ያዘዟት ወይዘሮ ሀብትነሽን ነበር። ሀብትነሽን ለማያውቅ መንገደኛ አንባቢ፣ የከተማችን ልብስ አጣቢ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በገዛ ክንዷ ያሳደገች፣ የደብራችንን መዘምራን ኩታና ጥምጥም በየበዓሉ የምታነጣ ሴት ናት። እንስራዋን አዝላ ወደ ቦኖው ስትወርድ መንገድ ላይ ሐሳብ ያዛት። ከሩቅ የመጣ እንግዳ አለ፣ ሹማምንት አሉ፣ ካህናት አሉ። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ከቤቱ የተሻለው ቁርበት ይነጠፍለታል፣ ከጋኑ የተሻለው ጠላ ይቀዳለታል፤ ለዚያ ሁሉ ክቡር ሰው ያንን የቦኖ ውሃ ማቅረብ ነውር ሆነባት። ስለዚህ ቦኖውን አልፋ ወደ ታችኛው ምንጭ ወርዳ እንስራዋን ሞላች። ኋላ ስጠይቃት፣ «ኧረ የኔታ፣ እንግዳ ፊት ያንን ውሃ ይዤ ልቅረብ? ማን ወልዶ አሳደጋት አይሉኝም?» አለችኝ። ፈተና መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ውሃ አምጪ ነው የተባለችው።

ሳሙናው ተፈተገ፤ አረፋው ከሳፋው ሞልቶ ፈሰሰ። ክብርዎ አጨበጨቡ፤ ሹም ሲያጨበጭብ እጅ አጣምሮ መቆም አይገባምና እኛም አጨበጨብን። ከሁላችን ይልቅ የደነገጠው ነጋዴው ራሱ ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግና እንደገና ሲያይ ተመልክቸዋለሁ። ማሽኗ በዚያው ቀን ተገዛች።

ሁለተኛ፣ ስለ ማግስቱ። ሀብትነሽ የጭብጨባውን ምክንያት ማታ ከጎረቤት ሰምታ ነገሩ ሲገባት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ማልዳ ደጅዎ ድረስ መጥታ፣ ጌታየ ውሃው የምንጩ ነበር ብላ እግርዎ ላይ ወድቃ ነገረችዎ። ነጋዴው ገና ከከተማው አልወጣም ነበር። ክብርዎ በታላቅ ትዕግሥት ካዳመጧት በኋላ፣ ይህን የሚያህል ሰው ያጨበጨበለትን ነገር የልብስ አጣቢ ወሬ አያፈርሰውም ብለው አሰናበቷት። ይህ ጥበብ ከየት መጣ ብየ ደጋግሜ አስቤያለሁ። በክብርዎ ዘንድ ለካ እውነት የሚታወቀው በጭብጨባ ድምፅ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ አጥሩ። ማሽን የገባላት ከተማ ከምንጭ መቅዳት አያምርባትም ተብሎ የታችኛው ምንጭ በእሾህ ታጠረ፣ በር ተሠራለት፣ ቁልፍ ተገጠመለት፣ ቢሆነኝ የሚባል ዘበኛም ዱላውን ይዞ ቆመበት። ቁልፉ በክብርዎ ኪስ ውስጥ ነው። በአጥሩ ውስጥ የተተከለው የክብርዎ ጌሾ ግን ያንን ኋላ ቀር ውሃ እየጠጣ፣ ከዋርካው ሥር ቆሞ ለሚያየው እንኳ ዓይን የሚማርክ ሆኗል። ማሽኗ ያለሰለሰችው ውሃ ለጌሾው ለምን እንዳልታዘዘለት አላውቅም፤ ተክሉ ገና ሥልጣኔ አልገባው ይሆናል።

የሻይ ቤት ባለቤቷ ወይዘሮ ንግሥቴ ከማንቆርቆሪያዋ ውስጥ በቢላዋ ፈቅፍቃ ያወጣችውን ነጭ ቅርፊት በሰሐን ይዛ ቢሮዎ ብትመጣም፣ ክብርዎ ቅርፊቱን በጣትዎ ነካ አድርገው፣ ይህ ማሽኗ ድንጋዩን ከውሃው ለይታ ማውጣቷን የሚያሳይ ማስረጃ ነው ብለው እንኳን ደስ አለሽ ብለዋታል። ንግሥቴ እስከ ዛሬ የሄደችው ለአቤቱታ ይሁን ለሽልማት አልተለየላትም።

አራተኛ፣ ጥርሴ። በአያ ገብረሰንበት ለቅሶ ላይ የቀረበልን የባቄላ ንፍሮ በቦኖ ውሃ ከንጋት ጀምሮ ሲንተከተክ ውሎ ከጠጠር አልተለየም ነበር። እኔ የዜማ መምህር ነኝ፤ እንጀራየ ከአፌ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥላሴ ባልሁ ቁጥር በጥርሴ ክፍተት ፉጨት ይወጣል፣ ዲያቆናቱም መቋሚያቸው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ።

አምስተኛውን እየቀለድሁ መጻፍ አልቻልሁም።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። ሀብትነሽ እንደ ልማዷ የመዘምራኑን ኩታና ጥምጥም፣ የሴቶቹን ቀሚስ፣ የሽማግሌዎቹን ጋቢ ተቀብላ በቦኖ ውሃ አጠበች፤ የተፈቀደላት ሌላ ውሃ አልነበረም። ሳሙና በሳሙና ላይ ጨመረች፣ ክንዷ እስኪላጥ ፈተገች። ልብሱ ሲደርቅ እንደ ሰሌን ገተረ፣ መልኩም ዐመድ ሆነ። ታቦቱ ወደ ወንዝ ሲወርድ እኛ መዘምራኑ ከማዕድ ቤት የወጣን መስለን ከኋላው ሄድን፤ ከሌላ ደብር የመጡት መዘምራን እያዩን ሲጠቃቀሱ አንገታችንን ደፋን።

በዓሉ እንዳለፈ ሕዝቡ ተቆጣና ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ክብርዎም ተነሥተው፣ ማሽኗ ውሃውን ማለስለሷ በእንግዶች ፊት የተረጋገጠ ስለሆነ ጥፋቱ የአጣቢዋ ነው፣ የተሰጣትን ሳሙና ደብቃ ሸጣ ልብሱን በባዶ እጇ አሽታ መልሳለች ብለው ፈረዱ። በዝግባ በር የሰው ልብስ እንዳትነካ ከለከሉ፣ ዋስም አስጠሩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ሀብትነሽን ሌባ አሏት፤ በልብስ እጥፋት ውስጥ የተረሳ መቁጠሪያ እንኳ በመሐረብ ቋጥራ ለባለቤቱ የምትመልሰውን ሴት።

አሁን ሰው በደጃፏ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ልብስ የሚሰጣት የለም፣ በልጆቿም ላይ እኩዮቻቸው ሳሙና እያሉ ይዘፍኑባቸዋል። ወደ ቡሬ ልትሰደድ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነው፤ ቡሬ ብትሄድም ሌባ የሚለው ስም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ቀድሟት ይደርሳል። ክቡር ቀኛዝማች፣ እኔ በዚህ ነገር ተናድጃለሁ። ይህን የምልበት የተሻለ የአክብሮት ቃል ብፈልግ ስላጣሁ እንዲሁ ጻፍሁት።

የምለምንዎት ጥቂት ነው። በመጪው እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ በደጀ ሰላሙ ፊት ቆመው፣ ጥፋቱ የውሃው እንጂ የሀብትነሽ አይደለም ይበሉ፤ እርሷም በዚህች ከተማ እንደ ቀድሞዋ ሠርታ ትደር። የምንጩንም በር ይክፈቱ። ይህ ክብርዎን ዝቅ ያደርጋል የሚል አማካሪ ቢኖር አይስሙት። ሹም ተሳስቻለሁ ሲል በአካባቢያችን ሰምቶ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሕዝቡ ይህን ለማየት ከመራዊና ከዱርቤቴ ሳይቀር ይመጣል፤ ለገበያውም ይጠቅማል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ሲባል እሰማለሁ። እኛ ግን ዓባይን አይተን፣ የክብርዎንም ቦኖ አይተን፣ ዛሬም የምናመሰግነው ያንኑ ምንጭ ነው።

ማሽኗን ከቦታዋ ያስነሡልን አልልም። ቧንቧው ላይ እንደታሰረች ትኑር፤ ማንንም አላስቀየመችም፣ በማንም ላይ አልፈረደችም፣ ምንጭም አላጠረች። በዚህ ከሾሟት ሰዎች ትሻላለች።

የክብርዎን ጤና፣ የጌሾዎን ልምላሜ፣ የቁልፍዎንም ደኅንነት በጸሎቴ ዘወትር የማስብ፣ ከደጅዎ ትቢያ እንኳ የማልቆጠር፣ በተላጨ ራሴ ላይ ዐመድ የመሰለ ጥምጥም አስሬ በትሕትና የምሰግድ አገልጋይዎ፣

መሪጌታ ክንፈሚካኤል እጅጉ
የዜማ መምህር

ግልባጭ፦
ለማሽኗ፣ ባለችበት ቧንቧ
ለታችኛው ምንጭ፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። በጥምቀት ዕለት ያ ሁሉ ሕዝብ ዐመድ መስሎ ሲወጣ የክብርዎ ጋቢ ብቻ እንደ ወተት ነጭ ነበር፤ እኔም አዲስ መስሎኝ በልብ ያልብስዎ ብየ ነበር። ዘበኛ ቢሆነኝ ሰሞኑን ሥራውን ለቅቆ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲነሣ በገበያ መካከል እንደተናገረው ግን አዲስ አልነበረም። በዋዜማው ክብርዎ ራስዎ ወደ ምንጩ ወርደው፣ በሩን በእጅዎ ከፍተው፣ ያንን አንድ ጋቢ አሳጥበው መልሰው ቆልፈዋል። ያጠበችልዎም ሀብትነሽ ናት። ሲፈረድብሽ ይህን ለምን አልተናገርሽም ብላት፣ «የሰው ገመና በሸንጎ አላወጣም፣ የኔታ» አለችኝ። ዋርካው ሥር ቆመው ሌባ ብለው ሲፈርዱባት፣ ክቡር ሆይ፣ ያንኑ ጋቢ ለብሰው ነበር።