የአባባን ድካም አትጠይቅ

ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ ኢዮሲያስ፦

እንደምን ከርመሃል? የሰመራ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል፣ ቀልጠህ አላለቅህም? ጤናህስ፣ እንቅልፍህስ፣ የምግብ ፍላጎትህስ? እኛ የቦንጋ ዝናብ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አላስደርቅ ከማለቱ በቀር ደህና ነን። ጥያቄ ያበዛሁት ሆን ብዬ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፍልህ ጥያቄ ስለ መከልከል ነውና።

በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ላውድ ሳያደርጉ ስለማያወሩ ነው። የቤታችንን ወሬ ከጎረቤት ቀድመህ ሰምተህ አታውቅም። ስለዚህ ወደ እናንተ በሚመጣው በመምህር ተስፋሁን እጅ ልኬዋለሁ፤ አርብ ይደርስሃል።

አባባ ከደከማቸው እነሆ ዓመት አለፈ። ተኝተው ሲነሱ ከመተኛታቸው በፊት ከነበረው ብሶባቸው ነው። ደም፣ ስኳር፣ እንቅርት፣ ሳንባ፣ ሁሉም ተመርምሮ ንጹህ ሆነ። እማዬ እልል ልትል ስትል አባባ ተቀየሙ። «እንግዲህ ሰነፍ ነህ ነው የሚሉኝ» አሉ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አብርሆት ናት «ጋሼ፣ ምርመራው ምንም አላሳየም ማለት ድካሙ የለም ማለት አይደለም» ብላ በስልክ የሚሰጠውን ሕክምና ያስጀመረቻቸው። ክኒን የለውም። በየሳምንቱ በኢንተርኔት ትምህርት ይመጣል፣ አባባ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አይታ መልስ ትጽፍላቸዋለች። አባባ መጀመሪያ «ድካም በኢንተርኔት? ኔትወርኩ ራሱ ከእኔ ይብስ ይደክመው የለ?» ብለው ነበር። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሲያንበረክኩ የኖሩ ሰው የራሳቸውን «መብራት ጠፋ» እያሉ ሲያሳድሩ፣ ስልኩን የምይዝላቸው እኔ ነኝና ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ነው የሚያውቀው።

ትእዛዙ ሲሰሙት ቀላል ነው። ደህና ሆኑም ደከሙም በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ትንሽ መራመድ፣ የተሻላቸው ቀን ደግሞ አለመዝለል። የተሻላቸው ቀን ጓሮውን ሁሉ ቆፍረው በነጋታው ከአልጋ እንደማይነሱ ታውቃለህ። ዓለምን በካርታ ሲያዞሩን የኖሩት የጂኦግራፊ መምህር አሁን ጉዟቸው እስከ ድልድዩ ነው። ካለፉት ባለሙያዋ ትቆጣለች፣ ሳይደርሱ ከተመለሱ እኔ እቆጣለሁ።

የከበደን ሌላው ነው፤ ስለ ድካሙ ቀኑን ሙሉ አለማውራት። ባወሩት ቁጥር ልብ እዚያው ይተከላል ትላለች ባለሙያዋ። ታዲያ ይሄ ቦንጋ ላይ እንዴት ይሆናል? ጎረቤታችን እትዬ ተሾመች በየማለዳው ብቅ ይሉና «ጋሽ ገብረወልድ፣ ዛሬስ? አይ፣ ፊትዎ ጠቁሯል» ይላሉ። አባባ ጨዋ ናቸው፤ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ወዲያው ይደክሙላቸዋል። እማዬ «ሰው አትጠይቁን ይባላል? ነገ ማን ይቀብረናል?» ብላ አፈረች። እኔ ግን እትዬን በር ላይ ይዤ «ሐኪም ከልክሏል፣ ሌላ ሌላውን ያጫውቷቸው» አልኳቸው። ሲናደዱ ከአማርኛ ወደ ካፊኖኖ ነው የሚዞሩት፤ ከስሜ ቀጥሎ ያለው ስድብ መሆኑ ገብቶኛል። ሳምንት ሙሉ ቀሩ። እማዬም አኮረፈችኝ። ከዚያ አንድ ቀን እትዬ መጥተው ተቀመጡ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩና «ጋሽ ገብረወልድ፣ ይሄ ሰመራ የሚሉት አገር ዝናብ የለውም የሚባለው እውነት ነው?» አሉ። አባባ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስተው ነፋሱን ሁሉ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱ። እትዬ ሲወጡ «ታመው ቢተኙ ይሻለን ነበር» አሉኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እሁድ ስትደውል የመጀመሪያ ቃልህ «አባባ፣ ድካሙ እንዴት ነው?» ነው፤ ቀጥለህ «ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ» ትላለህ። ከፍቅር መሆኑን እናውቃለን። አባባ ግን ስልኩን ሲዘጉ «ልጄ ሥራ የሚተወው ቢብስብኝ ነው» ብለው ይተኛሉ። የዚያን ቀን ድልድዩ ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በግማሽ ክፍለ ጊዜ ይመለሱ፣ አለዚያ በሕመም ጡረታ ይውጡ ብሏቸዋል። መልሱን የሚሰጡት በመጪው ሰኞ ነው። ክፍል ከቀረባቸው አባባ ምን እንደሚሆኑ አንተ ታውቃለህ። ስለዚህ አትምጣ፣ እሁድም ድካሙን አትጠይቅ። ስለ ግመሉ፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ ነፋሱ ጠይቃቸው፤ የማታውቀው መቼም ብዙ ነው።

ድነዋል ብዬ አልዋሽህም። ትናንት ለሙከራ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምረው ሲመለሱ ፊታቸው እውነትም ጠቁሮ ነበር። ልጠይቅ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጫማቸውን እያወለቁ «ደክሞኛል» አሉ። ሁለተኛውን ጫማ አውልቀው «ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ግን አፍሪካን አንድ አገር ነው ይላሉ። እንዲህ ጥሎ ይኬዳል?» አሉ።

እማዬ አጎበር ሳትዘረጋ እንዳትተኛ ብላ ጉንጭህን ስማሃለች። ትንሹ ወንድማችን ዮናታን ናፍቆኛል ይላል፤ የናፈቀው ከአንተ ጋር የሚጫወተው ኳስ ይሁን አንተ አላጣራሁም። እትዬ ተሾመች የሚጠይቁት ሰው ስላጡ ሆድህንም፣ ራስህንም፣ ወገብህንም አንድ በአንድ ጠይቂልኝ ብለዋል፤ በሰፊው መልስላቸው። አባባ መጻፌን ስለማያውቁ ሰላምታቸውን እሁድ ከአፋቸው ትሰማለህ።

እህትህ ናዝራዊት
ቦንጋ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.