ዝምተኛው ዲስክ

ሰኔ 14 ቀን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ

ይድረስ ለማይነሳው ስልክ ባለቤት፣ ለአንድዬ ልጄ፤

እንዴት ነህ? ሚስትህና ልጅህስ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው አካሌ እሺ ይለኛል። ወረቀት የመረጥኩት ወድጄ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደውዬልህ ነው። ወረቀት ቢያንስ ተነበበ አልተነበበ ብሎ አያሳብቅም። እኔም እዚህ ሆኜ አንብቦታል እያልኩ ራሴን ማታለል እችላለሁ።

የላክኸው ዲስክ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። እናትህ ከተቀበረች በሁለተኛው ወር መጣ። አንተ መምጣት ያቃተህን መንገድ እሱ በስድስት ቀን ጨረሰው። «አባዬ፣ ከድሮው ዲስክ ጎን ግጠመውና ሬይድ አድርገው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ይይዛሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። አርባ ዓመት ሬዲዮ ለጠገነ ሰው ይሄ ምንም አይደለም» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር።

በድሮው ዲስክ ላይ ምን እንደነበረ ታውቃለህ። እናትህ በታመመችበት ዓመት ለልጅህ ብላ በስልኳ የቀዳቻቸው አርባ ሁለት ተረቶች ናቸው። ትራስ ተደግፋ፣ ሳሉ ሲያቋርጣት እየተናደደች፣ «ይሄን ሳል ቆርጠህ አውጣልኝ» እያለችኝ ነው የቀዳችው። እኔ አንዱንም አልቆረጥኩም። ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኳቸውና ስልኳ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጽድቼ ለእህቷ ሰጠሁ። ተረቶቹ ከተቀመጡ ሌላ ምን ቀረ ብዬ።

ኮምፒውተሩን ፈትቼ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። አዲሱን ዲስክ ገጠምኩ፤ አላየውም። ኬብል ቀየርኩ፤ አላየውም። ኃይል የሚሰጠውን ገመድ ከድሮው ነቅዬ ለአዲሱ ሰካሁለት፤ ወይ ፍንክች! ሁለት ቀን ሙሉ የተበላሸ ዕቃ ላከልኝ እያልኩ ሳማህ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን የማዘርቦርዱን፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበትን የዋናውን ሰሌዳ፣ መመሪያ በአጉሊ መነጽር ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ያ ትንሹ ጠፍጣፋ ዲስክ ቦታው ላይ ካለ እኔ የሰካሁበት አምስተኛው ሶኬት አይሠራም፤ ሁለቱ አንድ መስመር ነው የሚጋሩት። ይሄን የሚያህል ነገር ገጹ ግርጌ ላይ በጉንዳን ፊደል ጽፈውታል። ኬብሉን ወደ ሁለተኛው ሶኬት ሳዛውረው ዲስኩ ብቅ አለ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። እናትህ ብትኖር «ጎበዝ፣ አሁን ጠረጴዛዬን ልቀቅልኝ» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ባዮስ የሚሉት የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ የዲስኮቹን አሠራር ወደ ሬይድ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ስመልሰው ተነሳ፤ እንደገና ስቀይረው ደግሞ የድሮው ዲስክ ቀይ ምልክት ይዞ መጣ። ስነቅልና ስሰካ ስለሰነበትኩ ግራ አጋብቼው ነው። ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። ደግሜ ደወልኩ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ጽሑፍ መጣልኝ። እሱንም ስልኩ ራሱ ነው የሚጽፈው ይላሉ።

ገጹ ላይ አንድ ጥያቄ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ከየትኛው ወደ የትኛው ልገልብጥ? ሁለቱም በመጠን እኩል፣ ስማቸውም የቁጥር መዓት። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ። አርባ ዓመት የሠራሁት በአንድ ሕግ ነው፤ የሚንጫጫው የተበላሸው ነው፣ ዝም ያለው ጤነኛው። የድሮው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይላል። አዲሱ መኖሩም አይሰማ። ከጤነኛው ወደ በሽተኛው ይገልበጥ አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ፤ የማክመው መስሎኝ።

አራት ሰዓት ፈጀ። እኔም ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀምጬ ቁጥሩ ሲጨምር በኩራት አየሁት። ሲጨርስ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ሆነዋል አለኝ። አልዋሸም። ሁለቱም ባዶ ነበሩ።

በማግስቱ በፎጣ ጠቅልዬ ከድልድዩ ማዶ የጠፋ ፋይል የሚያወጣው ሰውዬ ጋ ወሰድኳቸው። ግማሽ ቀን ሲሞክር ዋለ። «አባባ፣ ተሰርዞ ቢሆን ፈልገን እናገኘው ነበር» አለኝ፤ «በላዩ ላይ ባዶ ነው የተጻፈበት፣ ከዳር እስከ ዳር።»

«ሳሏም የለም?» አልኩት።

ምን እንደምል አልገባውም። ብቻ ወንበር ሳበልኝ።

ልጄ፣ ያ ሕጌ እሷንም ጎድቷታል። ስታቃስት ሐኪም ቤት ይዣት እሮጥ ነበር። መጨረሻ ላይ ዝም ስትል ተሻላት ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። አንተም ዝም ስትል ደህና ቢሆን ነው እል ነበር። አሁን በዚያ ሕግ መመራት ትቻለሁ።

ይሄን ወረቀት ያስጻፈኝን ልንገርህ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት እናትህ አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት ልካልሃለች። ቁልፉን የምጫንላት እኔ ነበርኩ። ከተጫንኩላት በኋላ ከክፍሉ እወጣለሁ፤ ስትለምንህ መስማት አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ስለዚህ ምን እንዳለችህ አላውቅም። ስመለስ ሁልጊዜ «የትናንቱን ሰማው?» ትለኛለች። ስልኩን አያለሁ፤ ምልክቱ ግራጫ ነው፣ አልከፈትከውም ማለት ነው። «ሰምቶታል፤ ሥራ በዝቶበት ነው ያልመለሰው» እላታለሁ። ያለ መነጽሯ ማየት እንደማትችል አውቃለሁ፤ መነጽሯን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። በመጨረሻው ቀን «ከሰማኝ ይበቃኛል» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ስልኩን ሳጸዳ አሥራ አንዱም ግራጫ እንደሆኑ ነበሩ።

እንግዲህ የእናትህ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንተ ባልከፈትከው ቦታ ብቻ ነው። ቦታ ጠበበኝ ብለህ እንዳታጠፋቸው፣ እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ። ብትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትልክልኝም አልፈርድብህም፣ የሰጡኝን ዲስክ ምን እንዳደረግሁት አይተሃል። ግን አንተ ስማቸው። ሚስቴን ዋሽቼ ነው የቀበርኳት። ውሸቴን እውነት ልታደርግልኝ የምትችል አንተ ብቻ ነህ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ስታረጅ ስልክህን የምታነሳ ልጅ ትሁንልህ።

አባትህ