የወይራ ቅጠል ያለበት መድኃኒት

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ፤

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ማስተማሩን ካቆምሁ ወዲህ ጉልበቴም ተሽሎታል። ገብሱ ዘንድሮ አምሯል።

መድኃኒት አዋቂው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሰባብረው የሰጡኝ፣ እኔም የላክሁልሽ ቅጠል ለትምህርትሽ የምትመረምሪባቸውን አይጦች ከነቀርሳ እንዳልጠበቃቸው ጽፈሽልኛል። መምህርሽ «ምርመራው ይቅር» ማለታቸው ከነከነኝ። ስለዚህ የቀረኝን ቅጠል ነጭ ነጠላ ላይ ዘርግቼ ስባሪውን አንድ በአንድ ለየሁት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ግማሹ ተራ የወይራ ቅጠል ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱን ክምር ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። መሪጌታ አይተው ሳቁ።

«መድኃኒት ሳይደባለቅ ከቤት አይወጣም። ሰው እንዳይለየው አባቴም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በአርባ ዓመት ለይተው የመጡብኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ልጄኮ በእርስዎ ወይራ ልታፍር ነው» አልኋቸው።

እሳቸውም በማግስቱ ለልጃቸው እንኳ ወዳላሳዩት ገደል ወስደውኝ ተክሉን ከነሥሩና ከነአበባው ነቅለው ሰጡኝ። በወረቀት መካከል አድርቄ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፌ ልኬልሻለሁ። ስሕተቱ የእኛ መሆኑን ለመምህርሽ ንገሪያቸውና እንደገና ጀምሪ። ባይሠራም አልሠራም ብለሽ ጻፊ፤ አታሳምሪው።

መሪጌታ አሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኙኝ የእኔን ጤና ትተው «አይጦቹ እንዴት ከረሙ?» ይሉኛል።

እመቤቴ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። ለእኔ የምትጽፊው ቢያጥርም ግድ የለም፤ የአይጦቹን ወሬ ግን አታስቀሪብን።

እናትሽ ወለተ ሚካኤል