ከሩቁ ሰው ይጀመር

ቡታጅራ፣ የካቲት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ተናኘወርቅ ሆይ፣

«ይሄ ሐኪም የሚያክመው ጤነኛ ብቻ ነው» አለ አንድ የጫት ነጋዴ ገበያው መሐል። የምንሰጠው የፈንጣጣ ክትባት ስለሆነ የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም። አለቃዬ ዶክተር ዱባለ «መድኃኒት ከሩቁ ሰው ይጀመር» እያሉ ጄኔቫ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ድረስ ሄደው የተከራከሩትን ዛሬ በርበሬ ተራ ቆመው ደገሙት። ሰዉ ግን መርፌውን ፈራ። እንደ ልማዳቸው «መጀመሪያ ጸሐፊዬን እዩ!» አሉና ክንዴን ገልጠው ከተቡኝ። ወዲያው ሰልፉ መስጊዱ ድረስ ተዘረጋ። እናንተ አዲስ አበባ እንዲህ የምትሰለፉት ለሲኒማ ብቻ ነው።

ከተራራው ወዲያ ሌሊት ተነሥታ የመጣችው ሳሌሃ ሦስት ልጆቿን ይዛ መጨረሻ ላይ ደረሰች። ብልቃጡ ለሁለቱ በቃ፤ ለታናሿ ጠብታ አልቀረም።

«አብሽሪ፣ በሚመጣው ወር እንመለሳለን» አሏት ዶክተሩ።

«ዶክተር፣ ፈንጣጣው የገባው እኛ መንደር ነው። እሱስ ወሩን ይጠብቅልናል?»

ዶክተሩ ባዶውን ብልቃጥ መልሰው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት።

ወረቀቱ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ለእህትሽ ለዘነበወርቅም ሰላም በይልኝ። ስለ እኔ ጤና አትስጊ፤ በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ጊዜ ተከትቤያለሁ።